የሮልፕሌይ ምናባዊ ዓለም ከመምረጣችሁ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በድሬዳዋና በሐረር ጠረጴዛ ከበው ሮልፕሌይ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባህርይ ሆኖ የሚጫወተውን የትረካ ጨዋታ) ለሚጫወቱ፣ በተለይም ጨዋታውን ለሚመሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዋጋና ቁጥር በምንጠቅስበት ቦታ ሁሉ የተከተልነው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ነው። በሌላ ሕግ የምትጫወቱ ከሆነ ቁጥሩ ይለያያል፤ አመዛዘኑ ግን ያው ነው።

«ሴቲንግ» የሚባለው የጨዋታ ዓለም ከሕግ መጽሐፉና ከጀብዱው በምን ይለያል?

የሕግ መጽሐፉ ዳይሱ ሲወረወር ምን እንደሚሆን ይናገራል። ጀብዱው የአንድ ወይም የጥቂት ቀን ጨዋታ ነው፤ ዋሻው የት እንዳለ፣ ውስጡ ማን እንደተደበቀ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ተጽፎ ይመጣል። ዓለሙ ደግሞ ጀብዱዎቹ ሁሉ የሚፈጸሙበት አገር ነው፦ ካርታው፣ ከተሞቹ፣ ገዥዎቹ፣ ጠበኞቹ፣ ገበያው፣ እምነቱ። ካምፔይኑ፣ ማለትም ተከታታዩ ጨዋታ፣ ለወራት ሲዘልቅ ተጫዋቾች «ከተራራው ማዶስ ምን አለ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ሦስቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ጀብዱ መስሎት የዓለም መጽሐፍ ያወርድና ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ምን እንደሚያጫውት ግራ ይገባዋል። ስለዚህ የዓለም መጽሐፍ ስታነሱ መጀመሪያ ከኋላው ለመነሻ የሚሆን አጭር ጀብዱ እንዳለው እዩ።

መጽሐፉ 300 ገጽ ነው። ሁሉንም ሳላነብ እንዴት ልመዝነው?

ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ማውጫውን ክፈቱና ገጽ ቁጠሩ፦ ለጥንት ታሪክና ለነገሥታት የዘር ሐረግ ስንት ገጽ ወጣ? ዛሬ ላሉት ቦታዎች፣ ሰዎችና አደጋዎችስ? ታሪኩ ከመጽሐፉ አንድ አምስተኛውን ካለፈ፣ ደራሲው የጻፈው ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው እንጂ ጨዋታ ለሚመራ ሰው አይደለም ብላችሁ ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ሦስት ገጽ በዘፈቀደ ግለጡ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ተዉት፤ መግቢያው የማያምር መጽሐፍ የለም። 70ኛው፣ 150ኛውና 230ኛው ገጽ አካባቢ ያለውን አንብቡና ነገር ቆስቋሾችን ቁጠሩ። ነገር ቆስቋሽ የምንለው ሦስት ነገር ያሟላውን ብቻ ነው፦ አሁን አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ ሰው አለ፣ የሚያግደው ነገር አለ፣ ተጫዋቾችም ዛሬውኑ እጃቸውን የሚያስገቡበት ቀዳዳ አለ። በየገጹ ሁለት ካገኛችሁ መጽሐፉ ደህና ነው። ሦስቱም ገጽ ላይ አንድም ከሌለ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር መልሱት።

ለማነጻጸር ያህል፣ ለዚህ ገጽ ብለን የጻፍናቸውን ሁለት አንቀጾች ተመልከቱ።

«ካልዳር ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት፣ በሦስተኛው የብር ዘመን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሕዝቧ ኩሩና እንግዳ ተቀባይ ነው። በአንጥረኞቿ ጥበብም በዓለም ሁሉ ስሟ የታወቀ ነው።»

«የካልዳር የምሥራቅ በር ቀራጭ ሦስት ቀን ሙሉ በሩን አልከፈተም። ጨው የጫኑ አርባ ግመሎች ውጭ ቆመዋል፤ ነጋዴዎቹ ውሃ እያለቀባቸው ነው። ቀራጩ ለማንም ያልተናገረው ነገር ቢኖር በአንዱ ግመል ላይ ያለው ጭነት ጨው አለመሆኑን ነው።»

የመጀመሪያውን ለተጫዋቾች ብታነቡላቸው አዳምጠው ዝም ይላሉ። ሁለተኛውን ስትነግሯቸው ግን አንዱ ቀራጩን በጉቦ ሊሞክር ይነሳል፣ ሌላው ሌሊት በግንቡ ሊዘል፣ ሦስተኛው ግመሎቹን አንድ በአንድ ሊፈትሽ። ሁለቱም ሦስት ሦስት ዐረፍተ ነገር ናቸው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የገጽ ብዛት አይደለም።

የቀረችውን አምስት ደቂቃ ለፍለጋ አውሏት። ከካርታው ላይ አንድ የከተማ ስም ምረጡና ስለ ከተማው የተጻፈበትን ገጽ ፈልጉ፤ ሰዓት ያዙ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከፈጀ ጨዋታው መሃል ላይም እንደዚያው ነው የሚፈጀው፤ ያኔ ደግሞ አምስት ሰው ስልኩን እያየ ይጠብቃችኋል። ማውጫው ሲነካ ገጹን የማይከፍት ወይም ቃል የማይፈለግበት፣ እንደ ፎቶ የተቀረጸ ፒዲኤፍ ከሆነ ዋጋው ግማሽ ሊሆን ይገባል።

ታሪኩ ጥልቅ የሆነ ዓለም አይሻልም?

ታሪክ የሚጠቅመው ዛሬ የሚነካ ነገር ጥሎ ሲያልፍ ነው። ለእያንዳንዱ ታሪካዊ ክስተት «ተጫዋቹ ይህን የት ያገኘዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍርስራሽ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የሁለት ጎሳ ቂም፣ ምክንያቱ የተረሳ ክልከላ ካልተረፈ የሞተ ታሪክ ነው። የድሬ ልጅ ደግሞ የሦስት ደቂቃ ትረካ እንኳ አይታገስም፤ «አቦ፣ እንጀምር!» ይላችኋል። እውነቱን ነው።

ካርታውን በምን እፈትሻለሁ?

ካርታ ላይ ነው አብዛኛው መጽሐፍ የሚወድቀው፣ እናንተም ለመፍረድ ከማንም ያላነሰ ዕውቀት አላችሁ።

መጀመሪያ መለኪያው። በሕጉ መሠረት በመደበኛ ፍጥነት የሚሄድ ቡድን በቀን 24 ማይል፣ ማለትም 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአስቸጋሪ መሬት ላይ ግማሹን። ይህን በምታውቁት መንገድ ሞክሩት። ከድሬዳዋ ሐረር በመኪናው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ቢሆን የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነበር። ነገር ግን ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ መንገዱ ደንገጎን ይዞ ወደ 2,000 ሜትር ይወጣና በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይደርሳል። መንገዱን ሁሉ እንደ አስቸጋሪ መሬት ብታስቡት በመንገድ ሁለት ሌሊት ማደር ግድ ይላል። እንግዲህ የያዛችሁት ካርታ ላይ ሁለት ጎረቤት ከተሞች በመለኪያው ስንት ቀን ይራራቃሉ? ስድስት ቀን ከሆነና በመሃል ማደሪያም ጉድጓድም ካልተጻፈ ደራሲው አልለካም። አህጉሩ በአራት ቀን የሚያልቅ ከሆነም እንዲሁ። መለኪያ ጭራሽ የሌለው ካርታ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ይሆናል።

ሁለተኛው ከፍታና አየር ነው። ከድሬ ተነስቶ ሐረር የሚገባ ሰው በእነዚያ 55 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከሚያቃጥል ቆላ ወደ ነፋሻማ ወይና ደጋ ይሻገራል፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። በካርታው ላይ በረሃና ጥቅጥቅ ያለ ደን ጎን ለጎን ተስለው በመሃላቸው ተራራ ከሌለ ምክንያት መሰጠት አለበት። «አስማት ነው» ማለት ይቻላል፤ ግን ያ አስማት የማን እንደሆነና ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን አብሮ ይጻፍ።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ወንዞች ወደ ታች ሲወርዱ ይገናኛሉ እንጂ አይበታተኑም፤ ከአንድ ሐይቅ ተነስቶ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ባሕር የሚገባ ወንዝ የተለመደ የካርታ ስህተት ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ በሞቃት አገር ጨው ይሆናል፣ እንደ ጅቡቲው አሳል፤ ጨው ካለ ጨው ጫኝ አለ፣ ጫኝ ካለ ሽፍታ አለ። ይህን ሰንሰለት የተከተለ መጽሐፍ ብርቅ ነው፣ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆነው የሚፈሱ ወንዞች ብቻ የተሳሉበትን ካርታም ተጠራጠሩ። የድሬዳዋን ወንዝ ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አይፈልግም፦ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፤ በላይ በደጋው ሲዘንብ ግን ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ይመጣል። እንዲህ ያለ መሬት ለጨዋታ መሪ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ተጫዋቾች «እንሻገር ወይስ እንጠብቅ?» ብለው ይጨቃጨቃሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 የደረሰው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ዘመድ የሞተበት ሰው ጠረጴዛችሁ ላይ ሊኖር ይችላልና ስሙን ለውጡ፣ አስቀድማችሁም ጠይቁ።

ከተሞቹ ሕያው መሆናቸውን በምን ላውቅ?

በሦስት ጥያቄ። ከተማው ለምን እዚህ ተቆረቆረ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? እንግዳ ሰው ሳያውቅ የሚጥሰው ደንብ የቱ ነው?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ መልስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ድሬዳዋን ውሰዱ፦ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ደረሰ፣ ወደ ሐረር ያለውን ዳገት መውጣት ስላልተመቸው ከሥሩ ቆመ፣ ጣቢያው ከተማ ሆነ። ከዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ስንት ነገር እንደሚመዘዝ ተመልከቱ። ዕቃ ከባቡር ወርዶ በከብት ጀርባ ሽቅብ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጫኞች፣ መጋዘኖች፣ ቀራጮች፣ ገበያው ወደ ታች የወረደበት የአሮጌው ከተማ ነጋዴ ቅሬታ። የባቡር ሠራተኛው ሰፈር ከዚራ በደቻቱ ወዲህ፣ መጋላ ወዲያ። «በለምለም ሸለቆ የተመሠረተች ውብ ከተማ» ከሚለው ግን የሚመዘዝ ነገር የለም።

ለሁለተኛው ሐረር ጥሩ ሚዛን ናት። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባ ነው፤ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር ነው፤ ጥንት አምስት በር ነበረው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በሮቹ ወደተለያየ አቅጣጫና ወደተለያየ ንግድ ይወጣሉ፣ ሌሊት ይዘጉ ነበር። ለጨዋታ ይህ ማለት አምስት ቀራጭ፣ አምስት ዓይነት ሸቀጥ፣ አምስት ዓይነት ወሬና ጀምበር ከገባች በኋላ ውጭ የመቅረት ስጋት ነው። ከተማው እንደ ግዛት የራሱን ሳንቲም ይመታ ነበር፤ በንግድ ደግሞ ማርትሬዛ ብር ይሠራ ነበር። ሁለት ገንዘብ ያለበት ከተማ መንዛሪ አለው፣ መንዛሪ ባለበት ደግሞ የሚታለል ተጫዋች አይጠፋም።

ስፋትም አያታልላችሁ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መቃብሮች እንዳሉት ተጽፏል፤ ከአንድ በር ወደ ሌላው ግን በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። «ሚሊዮን ሕዝብ» ተብሎ ስም ያላቸው ሦስት ቦታዎች ብቻ ከተጻፉለት ከተማ ይልቅ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሃያ ቦታ ያለው ትንሽ ከተማ ብዙ ወር ያጫውታል። ዝቅተኛው ልክ ለአንድ ከተማ አምስት የታወቁ ቦታዎች፣ እርስ በርስ የሚጋጭ ፍላጎት ያላቸው ሦስት ሰዎችና አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነው። ከዚህ በታች ከሆነ ቀሪውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

አውሬና ጭራቁ ሁሉ ጠላት ነው። ችግር አለው?

ቶሎ ይሰለቻል። ሐረር ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ቆሻሻ አጽድቶ የሚወጣባት፣ በአሹራ ገንፎ የሚቀርብለትና አበላሉ ታይቶ የዓመቱ ዕጣ የሚነገርባት ከተማ ናት። መጽሐፉ ውስጥ ከሰው ጋር ውል፣ ስምምነት ወይም ቢያንስ የቆየ ልማድ ያለው ፍጡር ፈልጉ። አንድ እንኳ ካለ ደራሲው ከሰይፍ ሌላ መፍትሔ አስቧል ማለት ነው።

ዋጋና ገንዘቡ ልክ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

በቀን ሠራተኛ ደመወዝ መዝኑት። በሕጉ ሙያ የሌለው ሠራተኛ በቀን 2 የብር ሳንቲም ያገኛል፤ 10 የብር ሳንቲም አንድ የወርቅ ሳንቲም ነው። ረጅም ሰይፍ 15 ወርቅ ስለሆነ የ75 ቀን ደመወዝ ነው፤ ያስኬዳል። ሙሉ የብረት ጥሩር 1,500 ወርቅ ነው፣ ማለትም ከ20 ዓመት በላይ ጉልበት። እንግዲህ የምትመዝኑት መጽሐፍ የመንደር ሊቀ መንበር ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) ለማባረር 500 ወርቅ ከከፈለ፣ ያ የአንድ ሠራተኛ ሰባት ዓመት ገደማ ደመወዝ ነው። መንደሩ ይህን ከየት አመጣው? መልስ ካለው ደስ የሚል ምስጢር ነው፤ ከሌለው ዋጋዎቹን በአስር አካፍሏቸው።

የሕግ መጽሐፉ ራሱ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። የመንገድ ስንቅ በቀን 5 ብር ነው፤ 2 ብር የሚያገኘው ሠራተኛ ስንቅ ገዝቶ አይሄድም ማለት ነው። ለእኛ አካባቢ ሰው ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፦ አህያ ወይም በቅሎ 8 ወርቅ ሆና 420 ፓውንድ ትሸከማለች፣ ግመል 50 ወርቅ ሆኖ 480 ፓውንድ። በዚህ ሒሳብ ግመል የሚገዛ ጅል ብቻ ነው። ስለዚህ የበረሃ ዓለም መጽሐፍ ስትመዝኑ ግመሉ ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚሄድ ደንብ መጻፉን እዩ። ካልጻፈ ተጫዋቾቻችሁ በሁለተኛው ሳምንት አህያ ይዘው በረሃ ያቋርጣሉ።

የበረሃ ዓለም መርጠን ነበር፣ ጥምና ረሃቡ ግን ምንም ሊያስፈራ አልቻለም። ለምን?

በአስማቱ የተነሳ ነው። ሕጉ በቀን ለአንድ ሰው አንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.8 ሊትር ውሃ ይጠይቃል፤ በሙቀት ሁለት ጋሎን። አራት ሰው በበረሃ አምስት ቀን ሲሄድ 40 ጋሎን ነው፣ ከ150 ኪሎ በላይ። ይህ ከባድ ችግር ነበር፤ ግን 1ኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ማለትም ገና ጀማሪ የሆነ ካህን በአንድ ድግምት 10 ጋሎን ውሃ ይፈጥራል፣ ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) ደግሞ እያንዳንዳቸው የአንድ ቀን ምግብ የሚሆኑ አስር ፍሬዎች ያወጣል። 5ኛ ደረጃ ሲደርሱ አንድ ድግምት ለአሥራ አምስት ሰው የአንድ ቀን ምግብና 30 ጋሎን ውሃ ይሰጣል። በረሃው አለቀለት።

በደንብ የታሰበበት ዓለም ይህን አስቀድሞ ይመልሳል። ወይ ድግምቶቹን ይከለክላል፣ ወይ ዋጋ ያስከፍልባቸዋል፣ ወይም ደግሞ ውጤታቸውን ተቀብሎ ይሄዳል፦ ውሃ የሚፈጥር ካህን ያለበት ከተማ ማን ይገዛዋል? ካህኑ ነዋ። ጉድጓድ ያላቸው ባላባቶችስ ምን ያደርጉታል? መርዝ። ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ውሃዋን ከቆላው ሽቅብ በፓምፕ መሳብ ግድ ሆነባት፤ ውሃ ፖለቲካ መሆኑን እዚህ ለማስረዳት ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በመጽሐፉ ውስጥ «ውሃ» ወይም «ምግብ መፍጠር» የሚለውን ፈልጉ። አንድም ቦታ ካልተነሳ መጽሐፉ የበረሃ ሥዕል አለው እንጂ በረሃ የለውም።

የድንገተኛ ግጥሚያ ሰንጠረዦቹን እንዴት ልመዝን?

በጥቂት ስሌት። መጽሐፉ «በቀን ሦስት ጊዜ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ጣሉ፣ 1 ሲወጣ አደጋ ይመጣል» ካለ፣ በአንድ ቀን ቢያንስ አንድ አደጋ የመድረሱ ዕድል 42 በመቶ ነው። በሁለት ቀን ጉዞ 67 በመቶ ይሆናል። ከሦስት ነጋዴ ሁለቱ በየጉዞው የሚጠቃበት መንገድ ላይ ንግድ አይኖርም፤ መጽሐፉ ግን የበለጸገ የካራቫን መንገድ ነው ይላል። ከሁለት አንዱን አርሙ።

ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ተደምሮ የሚነበብ ሰንጠረዥ ከሆነ መካከሉን ተመልከቱ። 7 ከ36 ስድስት ጊዜ ይወጣል፣ 2 እና 12 ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። 6፣ 7 እና 8 ተደምረው 44 በመቶ ናቸው። በእነዚህ መስመሮች ላይ የየዕለቱ ነገር መኖር አለበት፦ እረኛ፣ ቀራጭ፣ የተሰበረ ጋሪ። ዘንዶው 7 ላይ ከተቀመጠ ሰንጠረዡን የሠራው ሰው ዳይስ አልጣለም። እያንዳንዱ መስመር ፍጡሩ ምን እያደረገ እንደነበርም መናገር አለበት፤ «4 ጅቦች» እና «ያልተቀበረ ሬሳ ከብበው የቆሙ 4 ጅቦች» አንድ አይደሉም።

ትልልቅ ጀግኖችና ጠንቋዮች የሞሉበት ዓለም ነው። ጥሩ ነው?

ተጫዋቾቹ ለምን እንደሚያስፈልጉ ካልተጻፈ መጥፎ ነው። 20ኛ ደረጃ የደረሰ ጠንቋይ በየከተማው ካለ 2ኛ ደረጃ ያሉ ልጆችን መንደር አድኑ ብሎ መላክ አያሳምንም።

እምነትን በተመለከተ እዚህ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

በአንድ ጠረጴዛ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ መቀመጡ ለድሬና ለሐረር አዲስ ነገር አይደለም፤ ብዙ አማልክት ያሉበት ዓለም ሲመጣ ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስሜት አይሰማውም። አንዱ ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላው ገጸ ባህርዩ ለጣዖት ሲጸልይ ይከብደዋል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ለየብቻ ጠይቁ፤ በጋራ ስትጠይቁ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና «ችግር የለም» ይላል።

መጽሐፉን ስትመዝኑ የምታዩት አማልክቱ ቢወጡ ዓለሙ ይፈርሳል ወይስ ይቆማል የሚለውን ነው። የካህኑን ኃይል በመሐላ፣ በማኅበር ወይም ከአባቶች በወረደ ዕውቀት መተካት በሕጉ ላይ ምንም አያበላሽም፤ ድግምቶቹ እንዳሉ ይቆያሉ። የካምፔይኑ ዋና ታሪክ የአማልክት ጦርነት ከሆነ ግን መተካቱ ከአዲስ መጻፍ አይተናነስም፤ ሌላ ምረጡ። መጠጥ ቤቱን ቡና ቤት ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እውነተኛ የወሊ ወይም የቅዱስ ስም ግን ለጨዋታ ገጸ ባህርይ አትስጡ።

ስሞቹን ማንም መጥራት አልቻለም። ትልቅ ነገር ነው?

ከሚመስላችሁ በላይ። አስር ስም ከመጽሐፉ አውጡና በፊደል ጻፏቸው። ስትጽፉ ካመነታችሁ፣ ተጫዋቾችም በማስታወሻቸው አምስት ዓይነት አድርገው ይጽፉታል፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደገደለ አይታወቅም። ሌላው ችግር በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ስሞች ናቸው፦ ካልዳር፣ ካልዲን፣ ካልዶስ። ዋና ዋና ሰዎች በተለያየ ፊደል ይጀምሩ። መለወጥ ይቻላል፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ሐረርን ወይም ድሬዳዋን ራሷን የጨዋታ ዓለም ባደርጋትስ?

ያምራል፣ ግን ስሟን ለውጡና አጥንቷን ውሰዱ። እውነተኛውን ስም ከያዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሁሉ «እዚያ ጋ እንዲህ ያለ ሱቅ የለም» ሊላችሁ መብት አለው፤ ጨዋታው ወደ ክርክር ይዞራል። የእገሌ ቤተሰብ፣ የእገሌ ጎሳ የሚል ነገርም በቀልድ ቢጀመር እንኳ በቀልድ ላያልቅ ይችላል። አምስቱን በሮች፣ የደረቀውን ወንዝ፣ ከላይ ያለውን አሮጌ ከተማና ከታች ያለውን አዲስ ከተማ፣ በመሃላቸው ያለውን ዳገት ውሰዱ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች ከዚህ በላይ መሬት አያስፈልግም።

የወደድነውን ዓለም ወደ አማርኛ ተርጉመን ብናጋራ ይፈቀዳል?

የ5ኛው እትም መሠረታዊ የሕግ ሰነድ 5.1 እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን በተባለው መንገድ እስከጠቀሳችሁ ድረስ መተርጎም፣ ማሻሻል፣ መሸጥም ይቻላል። ይህ ግን ለሕጎቹ ነው። የዓለም መጽሐፍ ስሞች፣ ካርታዎችና ጽሑፎች የባለቤታቸው ናቸው፤ ለራሳችሁ ጠረጴዛ ማስታወሻ መያዝ አንድ ነገር፣ ተርጉሞ በቴሌግራም ቻናል መበተን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ገጽ ላይ የፈቃዱ ዓይነት ይጻፋል፤ ያን ሳታዩ አትጀምሩ።

ገንዘብ ከፍዬ ገዛሁት፣ በዚህ ገጽ መለኪያ ግን ወደቀ። ምን ላድርግ?

አትጣሉት፣ ቁረጡት። አንድ ከተማና በዙሪያው የሁለት ቀን መንገድ ብቻ አስቀሩ፤ ቀሪው ካርታ ለጊዜው የለም። ከመጽሐፉ ሦስት ቡድን ምረጡና ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፉ፦ ምን ይፈልጋል፣ እስከ መቼ፣ ማን ያግደዋል። የሚፈልጉት ነገር አንድ ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ በር፣ አንድ ደብዳቤ። ከታሪኩ ዛሬ ዱካ ያላቸውን ሁለት ክስተቶች ያዙና ሌላውን ተጫዋች ሲጠይቅ ብቻ አውጡት። ደመወዝንና የአደጋ ሰንጠረዡን ከላይ በተባለው መንገድ አስተካክሉ። ይህ ሁሉ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ በሁለት ገጽ ወረቀት ይጠቃለላል። ወረቀቱን አትሙት፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ፒዲኤፉ አይከፈትም።